ገብቶ ያልዞረው ፈረስ

ፀጉር አስተካካዩና ቁልፍ ሠሪው የተዋወቁት በተቆለፈ በር ላይ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ የተከራያትን ሱቅ ሊከፍት በማለዳ መጥቶ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ሰበረው። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በሩን ሲራገም፣ የመሣሪያ ሣጥን የተሸከመ አንድ ቀጭን ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆመና፣ «በሩ ምን በደለህ?» አለው። ተሻገረ፤ በአንዲት ጠማማ ሽቦ የተሰበረውን ብረት ጎትቶ አወጣው። በሩ ሲከፈት ሰውየው ቀድሞ ገባና አዲሱ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «ዋጋዬ ይኸው ፀጉሬ ነው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚያች ሱቅ ጠፍቶ አያውቅም።

ሰፈሩ «ክፈተው» ይለዋል። ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «ክፈተው! ክፈተው!» እያለ ሲያጣድፈው ስለኖረ ስሙ ሆኖ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩን ደግሞ «ምላጭ» ብሎ የሰየመው ራሱ ክፈተው ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «እጁ እንኳ ደነዝ ነው፤ ምላሱን አይቼ ነው» ይላል።

ቼዙን ያመጣውም ክፈተው ነበር። ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ ጊዜ ማሳለፊያ ይሁነው ብሎ የእንጨት ሰሌዳውን መስኮቱ ሥር ባለች ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ምላጭ እንኳን መጫወት የጠጠሮቹን ስም አያውቅም ነበር። ክፈተው ግን ማስተማር ይወዳል፤ ሰውን እንደሚያማ ሰው እያንዳንዱን ጠጠር አንስቶ ባሕርዩን ይዘረዝራል።

«ግንብ ማለት የጭነት መኪና ነው» ይለው ነበር። «መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። በአንድ ጉዞ መታጠፍ ግን የለም። ልታጠፍ ካለ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ጳጳስ በሰያፍ ነው የሚሄደው። ነጭ ቤት ላይ የተተከለው ዕድሜ ልኩን በነጭ ቤት ይኖራል፤ ጥቁሩን በዓይኑ ያየዋል እንጂ አይረግጠውም። ሁለቱ ጳጳሶች ወንድማማች ናቸው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ኖረው ሳይገናኙ ይሞታሉ።»

«ንግሥቲቱስ?»

«እሷ የግንቡንም የጳጳሱንም ትችላለች። ሚስት ናት በቃ።»

«ባልየውስ?»

«ንጉሡማ አንድ ቤት ወዲህ፣ አንድ ቤት ወዲያ። ሁሉም ለሱ ይሞታል፤ እሱ ግን ከጓዳ ሳሎን መድረስ የሚያደክመው ሽማግሌ ነው። ወታደርን ካየህ ወደ ፊት ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ሲመታ ግን በሰያፍ ነው። ሌላው ሁሉ ሲሳሳት ይመለሳል። ወታደር መመለስ የሚባል አልተሰጠውም።»

ፈረሱን መጨረሻ ላይ አቆየው። ከኪሱ አንድ ቁልፍ አውጥቶ አየሩ ውስጥ ሰካውና አዞረው። «ፈረስ ቁልፍ ነው። ሁለት ቤት ትገባለህ፣ አንድ ቤት ታዞራለህ። ካላዞርክ አልተከፈተም። ሌሎቹ ፊታቸው ሰው ከቆመ ይቆማሉ፤ ፈረስ ዘሎ ነው የሚያልፍ። ግድግዳ አያውቅም። እንደኔ ነው።»

የሰሌዳውን ነጭና ጥቁር ክፍሎች «ቤት» ነበር የሚሏቸው። አንደኛው ጠጠሩን ያለ ቦታው ሲያስቀምጥ ሌላኛው «ቤትህ ጠፋህ እንዴ?» ብሎ ይወርፈዋል። ይቺ ቃል በዚያች ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት እንዳሳቀች የሚያውቅ የለም።

ዓመቱም ሄደ። የክፈተው ሚስት ሞተች፤ አንዲት ሴት ልጁ አግብታ ሌላ ከተማ ገባች። የምላጭም ሚስት ብዙ ሳትቆይ ሞተች። እሱ ልጅ አልነበረውምና ቤቱን ለቀቀና ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አልጋውን ዘረጋ። ቀን ቀን ደንበኛ አለ፤ ሬዲዮ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክፈተው አለ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ምላጭ ራሱን እንዲህ እያለ ይጠይቅ ነበር፤ መልሱንም አይጠብቅም።

ፈረሱ የሳተው ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ከሰዓት ነው። ክፈተው ፈረሱን አነሳ፣ ሁለት ቤት አስገባው፣ እዚያው ተወው። አላዞረውም። ምላጭ ቀና ብሎ አየው። ጓደኛው ጠጠሩን ትቶ የሻይ ብርጭቆውን አንስቷል፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ የታክሲ ሾፌር አንገቱን አስግጎ፣ «አባባ፣ አልዞረም እኮ! ፈረሱ ፈረሰ በሉኛ!» አለ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ክፈተውም ሳቀ፤ ግን ሌሎቹ ከሳቁ በኋላ፣ ሳቃቸውን አይቶ ነው የሳቀው። ያቺን ትንሽ መዘግየት ከምላጭ በቀር ያያት አልነበረም።

«አንተ ተራህን ጠብቅ» አለው ምላጭ ሾፌሩን። «የሰው ጨዋታ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ከዚያም ፈረሱን ባለበት ተቀብሎ የራሱን ወታደር ገፋ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በማግስቱም ፈረሱ አልዞረም፤ ምላጭም ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን የራሱን ፈረስ ሳያዞር ሄደ፤ ጓደኛው ብቻውን እንዳይሳሳት ብሎ ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ብቻ ነበር።

የክፈተው ልጅ በየሳምንቱ ትደውላለች። የአባቷ ስልክ ብዙ ጊዜ ስለማይነሳ የምትደውለው ለሱቁ ነው።

«ጋሼ፣ አባባ እንዴት ነው?»

«ትናንት አሸነፈኝ።»

«በቼዝ ነው?»

«በምን ሊሆን ነው ታዲያ፣ በትግል?»

ትስቃለች። ሳቋ ውስጥ ሸክም ሲወርድ ይሰማል። «እንግዲያው ደህና ነው። ቼዝ የሚጫወት ሰው ምን ይሆናል!» ትላለች። ምላጭም «ምን ይሆናል!» ይላል። ውሸት አልተናገረም፤ በእውነትም ተሸንፏል። የተሸነፈበት ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ከፈረሱ ቀጥሎ ጳጳሱ ሄደ። በነጭ ቤት የተወለደው ጳጳስ አንድ ቀን ጥቁር ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ምላጭ «ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ ይሆናል» ብሎ ቀለደ። ክፈተው ግን ቀልዱን አልሰማም፤ ጠጠሩን በጣቱ እየነካካ ስሙን ይፈልግ ነበር። «ይሄ… ይሄ ሰውዬ…» ይላል።

በዚያው ሰሞን የክፈተው ጎረቤት የሆነች ልብስ አጣቢ እጇ እንደረጠበ ሱቁ ደጃፍ ላይ ደረሰች።

«ኧረ ክፈተው ቤቱ ጠፋው!» አለች።

ምላጭ የአንዱን ደንበኛ ጉንጭ ሳሙና እየቀባ ነበርና ዞሮም አላየ። «መቼ ጠፍቶት የማያውቅ መሰለሽ! ትናንትም ግንቡን የኔ ሰፈር አስቀምጦት ነበር።»

«ምን ነካዎት ጋሼ? ቤቱ ነው የምልዎ! የሚተኛበት ቤት! ከፋርማሲው አጠገብ የሰው በር ላይ ቆሞ በራሱ ቁልፍ ይታገላል!»

ብሩሹን እንደያዘ ሮጠ። ክፈተው አንድ አረንጓዴ የብረት በር ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ላቡ እየወረደ፣ የማይገባ ቁልፍ በማይቀበል ቀዳዳ ይገፋል። ዕድሜውን በዚህ ሥራ ያሳለፈ ሰው ስለሆነ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሥራ ላይ ነው ብሎ ሰላም እያለው አልፏል። ምላጭን ሲያይ ፊቱ በራ። «ምላጭ፣ ና እስቲ እየው። ቁልፌን ማን ነው የሞረደብኝ?»

«ነገ እናየዋለን። ና፣ ጨዋታችን አላለቀም» አለና ክንዱን ያዘው።

ልብስ አጣቢዋ በመንገድ ላይ፣ «ለልጁ መንገር አለብን» ስትል ምላጭ በዓይኑ ገሠጻት። «አታስደንግጫት። የዕድሜ ነገር ነው። እኔስ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስንቴ ፈልጌዋለሁ?» እሷም አንገቷን ደፋች። ትልቅ ሰው ሲናገር ምን ይባላል?

ከሁሉ የከፋው ቀን ግን ያ አልነበረም። አንድ ጠዋት ክፈተው ገባና እንደ ማንኛውም ደንበኛ ኮፍያውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በመስታወቱ ውስጥ ምላጭን ትኩር ብሎ አየውና፣ «ጆሮዬ ላይ ያለውን ትንሽ ያሳጥሩልኝ፣ ቢፈቅዱ» አለ።

ምላጭን ሰፈሩ ሁሉ አንቱ ይለዋል። አንተ የሚለው በዓለም ላይ የቀረ አንድ ሰው ነበር። መቀሱን ይዞ ቆመ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ጌታዬ። እንዳሉት አደርጋለሁ» ብሎ መለሰለት። ሁለት ሽማግሌዎች እንደማይተዋወቁ ሰዎች እየተከባበሩ፣ አንዱ ቆራጭ፣ አንዱ ተቆራጭ ሆነው ቆዩ። ሲጨርስ የአንገቱን ፀጉር አራገፈለት። ክፈተው አመስግኖ ወጣ። ከሰዓት በኋላ «ምላጭ፣ ዛሬ አልምርህም!» እያለ ተመልሶ መጣ፤ ምላጭም ጠጠሮቹን ደረደረ።

ግንቡ መታጠፍ ጀመረ። ንግሥቲቱ አንድ ቤት ሄዳ ትቆማለች፤ ያ ሁሉ ጉልበቷ የት እንደገባ አይታወቅም። ንጉሡ ደግሞ አንዳንድ ቀን ሰሌዳውን አቋርጦ ይበራል። በመጨረሻም ብዙውን ቀን ልዩነታቸው ይጠፋ ጀመር። ትልቁም ትንሹም፣ ዘላዩም ነጓጁም፣ አንድ አንድ ቤት ወደ ፊት መገፋት ብቻ ሆነ ሥራቸው። ሁሉም ወታደር ሆኑ። ምላጭ ይህንን ጨዋታ ተማረ። ደንብ አልነበረውም፤ የጓደኛውን እጅ ማየት ብቻ ነው። እጁ ሲያመነታ ይጠብቃል፤ ሲያርፍ «ጥሩ ሄድክ» ይላል። ክፈተው ግንባሩ ሲፈታ፣ አንዲት ከሰዓት ደግሞ ተገኘች ማለት ነው። ምላጭ ከዚያ አርቆ ማሰብ አይፈልግም ነበር።

በኋላ ግን ጭስ መጣ። ክፈተው ድስት ምድጃ ላይ ጥዶ ወጥቶ፣ ልብስ አጣቢዋ በሩን ሰብራ ገብታ አጠፋችው። የቁልፍ ሠሪ በር መሰበሩ ሰፈሩን አሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ በዚህ ጊዜ ማንንም ሳታማክር ለልጁ ደወለች።

ልጅየዋ ከባሏ ጋር መጣች። ባሏ ረጋ ያለ፣ ትሑት ሰው ነው። አባትየው መስኮቱ ሥር ጠጠር ሲደረድር፣ እሷ ምላጭን ወደ በሩ ጠጋ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። ድስት ማንም ይረሳል። ጭንቅላቱ ደህና ከሆነ ከሰፈሩ አላወጣውም፤ ሰው ቀጥሬለት እዚሁ ይኑር። ካልሆነ ግን ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ደህና ነው» አለ ምላጭ። ይህን ብሎ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ምላሱ ግን ቀደመው። «ካላመንሽኝ ይኸው ሰሌዳው። ቁጭ ብሎ ሲጫወት እዪው!»

ምላጭ ያሰበው ከእሱ ጋር እንዲጫወት ነበር። ባልየው ግን ፈገግ ብሎ፣ «እኔ ልግጠማቸው። ድሮ በሠርጋችን ሰሞን አሸንፈውኛል፤ ብድሬን ልመልስ» አለና ወንበር ሳበ። 

ባልየው ወታደር ገፋ። ክፈተውም ወታደር ገፋ፤ ይህ ትክክል ነበር። ልጅየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሽ አወጣች። ባልየው ሌላ ወታደር ገፋ። ክፈተው ፈረሱን አነሳ። በሱቁ ውስጥ የመስታወቱ ላይ ዝንብ ብቻ ነው የሚሰማው። ፈረሱ ሁለት ቤት ገባ፤ ቆመ።

«አባባ፣ ማዞሩን ረሱት» አለ ባልየው በትሕትና።

«ምኑን?»

«ፈረሱን። ወደ ጎን አንድ ቤት…»

ክፈተው ሳቀ። የሚያውቅ ሰው በማያውቅ ላይ የሚስቀው ሳቅ ነበር። «ልጄ፣ አንተ ከማን ነው የተማርከው? ስንት ዘመን እዚህ ቁጭ ብዬ…» አለና ወደ ምላጭ ዞረ። «ምላጭ፣ ንገረው እንጂ! ፈረስ እንዴት ነው የሚሄደው?»

ሦስቱም አዩት። ምላጭ ያን ጊዜ ሊናገር የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። እውነቱን ቢናገር፣ ጓደኛው በልጁ ፊት፣ በአማቹ ፊት፣ ከሁሉም በላይ በራሱ ፊት ይወድቃል። ውሸቱን ቢናገር ደግሞ ማንን ያታልላል? የክፈተው ዓይን ግን ይጠብቃል፤ እንደዚያ ተማምኖ የሚጠብቅ ዓይን በሕይወቱ ሌላ አልነበረውም።

«እንዲሁ ነው» አለ ምላጭ። «እኛ ጋ እንዲሁ ነው የሚሄደው።»

«አላልኩህም!» አለ ክፈተው አማቹን፤ ደስ ብሎት ጉልበቱን መታ መታ አደረገው።

ልጅየዋ ወደ ሰሌዳው አላየችም። የምታየው ምላጭን ነበር። ቀስ ብላ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ጋሼ።»

ምላጭ ፎጣውን አነሳ፣ አጠፈው፣ እንደገና ዘርግቶ አጠፈው። «ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይወጣ» አለ።

«በየሳምንቱ ስደውል አሸነፈኝ ይሉኝ ነበር።»

«አሸንፎኝ ነበር።»

«በጊዜ ብናሳየው መድኃኒት ነበረው ይላሉ ሐኪሞች። ማዳን ባይችልም ያዘገየው ነበር። እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው…» አልጨረሰችውም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን የጨዋ ልጅ ናት፤ ነጠላዋን አስተካክላ የአባቷን ልብሶች ልትሸክፍ ሄደች።

በማግስቱ መኪናቸው ሱቁ ደጃፍ ቆመ። ክፈተው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ መስኮቱን ያወርዳል፣ ያወጣል። ልጅየዋ ወደ ሱቁ ገብታ፣ «ሰሌዳውን ልውሰድለት?» አለች። ምላጭ ጠጠሮቹን ሣጥናቸው ውስጥ ለቅሞ ሰጣት።

«ማታ ማታ እኔ አጫውተዋለሁ» አለች። «ግን የእናንተን ደንብ አላውቀውም። ይንገሩኝ፤ እንዳላስከፋው።»

ምላጭ ፈረሱን ከሣጥኑ አወጣ። «ይሄ… ሁለት ቤት ይገባል። አንዳንዴ አንድ። አንዳንዴ ደግሞ…» ግንቡን አወጣ። «ይሄ…» ብሎ ቆመ። የሚነግራት ደንብ አልነበረም። ትናንት እንዲህ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ሌላ። እሱ የሚያውቀው ጠጠሮቹን ሳይሆን የክፈተውን እጅ ነበር፤ ሲያመነታ፣ ሲወስን፣ ሲያፍር። ያንን ለሰው እንዴት ይነግሩታል?

«እጁን እዪው» አላት በመጨረሻ። «ያስቀመጠበትን ሁሉ ልክ ነው በዪው።»

እንባዋ ሞላ። «እኔ እንደዚያ አልችልም፣ ጋሼ» አለች። «ልጁ ነኝ። ሲሳሳት ማየት አልችልም።»

መኪናው ሲነሳ ክፈተው እጁን አውለበለበ፤ ለምላጭ ይሁን ለመንገዱ አይታወቅም።

ምላጭ ብዙ ሳምንት ስልኩን ሲያይ ከረመ። ደውሎ ምን ይላል? አንድ ቀን ጠዋት፣ ያ የታክሲ ሾፌር ወንበሩ ላይ ሆኖ ፊቱ በሳሙና እንደተሸፈነ፣ ስልኩ ጮኸ። ልጅየዋ ናት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ሳልደውል ቆየሁ። ሰሌዳውን ደበቅነው። ስንጫወት ይቆጣል። ጠጠሮቹን ይወረውራል። ‹እናንተ አታውቁም፣ ያንን ሰውዬ ጥሩልኝ› ይላል።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ስሙን አያውቀውም።»

ምላጭ በሁለት እጁ ስልኩን ያዘ። «እመጣለሁ። ዛሬ ሱቁን ዘግቼ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ።»

 «ባለፈው ሳምንት ቢሆን ኖሮ ኑ እልዎት ነበር» አለችው ረጋ ብላ። «አሁን መጠየቁንም ተወ። ሰው ሲገባ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይተኛል። ቢመጡም… ይጎዳሉ ብዬ ነው።»

«አይ፣ እኔ ምን እጎዳለሁ» አለ። ልጅየዋ ሌላም ነገር ተናገረች፤ እሱም «እሺ»፣ «እሺ» አለ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆመ።

«አባባ» አለ ሾፌሩ ከወንበሩ ላይ፣ ድምፁን አለስልሶ። «ሳሙናው ፊቴ ላይ ደረቀ።»

ምላጭ ስልኩን አስቀመጠ። ፎጣውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጨመቀ፣ የሰውየውን ጉንጭ ጠረገ፣ ጽዋው ውስጥ ያለውን ሳሙና ደፍቶ እንደ አዲስ መምታት ጀመረ። አረፋው እንቢ አለው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየውና ዓይኑን ጨፈነ፤ አረፋው እስኪመታለትም ድረስ አልገለጠውም።